ጥንታዊ የፈረንሳይ የቫዮሊን ደጋኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቫዮሊን ሲወራ የጣሊያናዊው ቫዮሊን ሠሪ የስትራዲቫሪ ስም ቶሎ ይነሳል። ስለ ደጋኑ፣ ብዙ ተማሪዎች ቦው ስለሚሉት፣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሚጠይቁትም አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ነው የሚጠይቁት። መልሶቹን እዚህ አንድ ላይ አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድምፁን የሚሰጠው ቫዮሊኑ አይደለም እንዴ? ደጋን ቢቀየር ምን ለውጥ ያመጣል?

ብዙ ለውጥ ያመጣል። ክሩን የሚያናግረው ደጋኑ ነው። ድምፁ እንዴት እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚዘልቅ፣ መሃል ላይ እንደሚሳሳ ወይም ሞልቶ እንደሚቀጥል በእሱ ይወሰናል። አንድ ተጫዋች በአንድ ቫዮሊን ላይ ሦስት የተለያዩ ደጋኖች ይሞክር። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው ቫዮሊኑ የተቀየረ ሊመስለው ይችላል።

ለተጫዋቹማ ልዩነቱ ከዚህም ይበልጣል። ፈጣን ዝላይ ያለበት ሙዚቃ ሲመጣ ጥሩ ደጋን ክሩ ላይ ነጥሮ በራሱ ይመለሳል። መጥፎውን እጅ ማስገደድ አለበት። ይህን ሁሉ የሚሠራው ዕቃ የሚመዝነው 60 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ደጋንን እንደ ተጨማሪ ዕቃ የሚያዩ ሰዎችን በጭራሽ አልስማማቸውም። የመሣሪያው ግማሽ ነው።

ምርጥ ቫዮሊኖች የጣሊያን ከሆኑ ምርጥ ደጋኖች ለምን የፈረንሳይ ሆኑ?

ዋናው ምክንያት ጊዜው ነው። ስትራዲቫሪ በ1737 ሲሞት ዛሬ የምናውቀው ደጋን ገና አልተወለደም። በእሱ ዘመን የነበሩት ደጋኖች ቀለል ያሉ ናቸው። ዘንጋቸው ወይ ቀጥ ያለ ነው፣ ወይ ክሩን ከሚነካው የፈረስ ጭራ ርቆ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። ለዘመኑ ሙዚቃ በጣም ተስማሚ ነበሩ። ዛሬም የባሮክ ሙዚቃ ተጫዋቾች እነሱን መርጠው ይይዛሉ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ሙዚቃው ተለወጠ። አዳራሾች ሰፉ። ዜማው ረዘመ። ቫዮሊን ብቻውን ቆሞ ከሙሉ ኦርኬስትራ በላይ መሰማት ነበረበት። በ1782 ጣሊያናዊው ቫዮሊን ተጫዋች ጆቫኒ ባቲስታ ቪዮቲ ፓሪስ መጥቶ ሲጫወት ከተማው ተደነቀ። ሮድ፣ ክሮይትዘርና ባዮ የሚባሉ ቫዮሊን ተጫዋቾች የእሱን መንገድ ተከተሉ። በ1795 የፓሪስ ኮንሰርቫቶር የሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲመሠረት ሦስቱም እዚያ አስተማሩ። አዲስ ዓይነት አጨዋወት የሚፈልጉ ተጫዋቾችና ደጋን ሠሪዎች በአንድ ከተማ ተገናኙ ማለት ነው። ተጫዋቹ ጠዋት ሱቅ ገብቶ «ጫፉ ላይ ጉልበት ያንሰኛል» ይላል። ሠሪው ሰምቶ ይቀርጻል። ዕቃ እንዲህ ነው የሚሻሻለው።

ሁለተኛው ምክንያት ሚርኩር ናት። በፈረንሳይ ምሥራቅ፣ ቮዥ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ቫዮሊንና ደጋን መሥራት የመንደሩ መተዳደሪያ ነበር። ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ መላጊያና ቢላ ይዘው ያድጋሉ። ጎበዞቹ ወደ ፓሪስ ይሄዳሉ። ከታች የምጠራቸው ስሞች አብዛኞቹ የሚርኩር ልጆች ናቸው።

ቱርት ማን ነው? ስሙ በየቦታው ይነሳል።

ፍራንሷ ግዛቪዬ ቱርት ነው። በ1747 አካባቢ ፓሪስ ተወለደ፣ እዚያው በ1835 ሞተ። አባቱ ኒኮላ ፒየር ደጋን ሠሪ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ኒኮላ ሌዮናርም እንደዚሁ። ታናሹ ግን መጀመሪያ የገባው ሰዓት ሥራ ነው። ለዓመታት ጥቃቅን ጥርሶችና ሞላዎች ሲያስተካክል ቆይቶ ወደ ቤተሰቡ ሙያ ተመለሰ።

የሰዓት ሥራው ከንቱ አልቀረም ብዬ አምናለሁ። ደጋኖቹን የለኩ ሰዎች ሁሉ የሚገረሙት በልኩ ትክክለኛነት ነው። ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር ይባላል። ሲጀምር ከስኳር በርሜል በወጣ ርካሽ ጣውላ እጁን እንዳፍታታም ይተረካል። ትንሽ እንከን ያለበት ሥራ ከእጁ አይወጣም፣ ሰብሮ ይጥለዋል የሚሉም አሉ። ሱቁ ሴን ወንዝ ዳር ነበር። እርጅና ሲመጣ ደግሞ እዚያው ወንዝ ላይ ዓሣ ማጥመድ ወደደ።

ደጋኖቹ ላይ ስሙን አልመታም። በጣም ጥቂቶቹ ውስጥ ብቻ ትንሽ የወረቀት ጽሑፍ ተገኝቷል። ጽሑፉ ደጋኑን ቱርት በ1824፣ በ77 ዓመቱ እንደሠራው ይናገራል። በ77 ዓመት የአሥረኛ ሚሊሜትር ሥራ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለሰውየው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

በትክክል ምን ለወጠ?

ሁሉንም ብቻውን አልፈጠረም። ከእሱ በፊት ብዙዎች ሞክረዋል። ጭራውን በብሎን ማጥበቅ ከእሱ በፊት የነበረ ነገር ነው። ለንደን ውስጥም ጆን ዶድ የሚባል ሠሪ በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ነገር ይሞክር ነበር። ቱርት እነዚህን ሙከራዎች ወደ አንድ የረጋ ቅርጽ አመጣቸው። ቪዮቲ እንደመከረው በሰፊው ይታመናል።

ርዝመቱ ከ74 እስከ 75 ሴንቲሜትር ላይ ጸና። ዛሬም ያው ነው። ዘንጉ በሙቀት ወደ ጭራው አቅጣጫ ጎበጠ። በዚህ ምክንያት ተጫዋቹ ሲጫን ዘንጉ መልሶ ይገፋል፣ ጫፉ ድረስ ጉልበት አያጣም። የደጋኑ ራስ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ያለው የተቀረጸ ክፍል፣ ከፍ አለ፣ ከበድም አለ። ያንን ክብደት ለማመዛዘን በእጅ የሚያዘው በኩል ብረት ተጨመረበት።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ትንሿ ቀለበት ናት። ጭራው የሚታሰርበት፣ በእጅ የሚያዘው ጥቁር ቁራጭ ፍሮግ ይባላል። ጭራው ከፍሮጉ ሲወጣ በብር ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ቀለበቱ ውስጥ ደግሞ ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁ ጭራውን ጨፍልቆ ሰፊና ጠፍጣፋ አድርጎ ይይዘዋል። ቀደም ሲል ጭራው ክሩ ላይ እየተጠቀለለ ይሰባሰብ ነበር። አሁን ሙሉ ስፋቱ ክሩን ይይዛል። ድምፁ የሞላው በዚህ ነው።

በኋላ ዣን ባቲስት ቪዮም የተባለው ታላቅ የቫዮሊን ሠሪ የቱርትን ደጋኖች በጥንቃቄ ለካ። ልኩ በ1856 ታተመ። ዘንጉ ከእጅ በኩል ለመጀመሪያዎቹ 110 ሚሊሜትር 8.6 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ከዚያ እየቀጠነ ሄዶ ራሱ ጋ 5.3 ሚሊሜትር ይደርሳል። ቪዮም የሚቀጥንበትን መንገድ ሲያጠና ሥርዓት ያለው የሒሳብ ኩርባ ሆኖ አገኘው። ቱርት ያንን ሒሳብ በወረቀት አላሰላውም። ጣቱና ዓይኑ ነበሩ የሚያሰሉት።

እንጨቱ ምንድን ነው? ለምንስ ከብራዚል ይመጣል?

ፐርናምቡኮ ይባላል። ከብራዚል የአትላንቲክ ዳርቻ ደን የሚገኝ ዛፍ ነው። ፖርቱጋሎች ከ1500 በኋላ ወደ አውሮፓ ያጓጉዙት የነበረው ለደጋን አልነበረም። ለጨርቅ ማቅለሚያ ነው። ከእንጨቱ ቀይ ቀለም ይወጣል። ብራዚል የምትባለው አገር ስሟን ያገኘችው ከዚህ ዛፍ ነው። ዛሬም ፐርናምቡኮ የሚልጉ ሠሪዎች እጃቸው ቀይ ይሆናል።

ደጋን ሠሪዎች እንጨቱን ያገኙት ከቀለም ነጋዴ ክምር መሃል ነው። ሌላ እንጨት እንዲህ ያለ ጥምረት የለውም። ከባድ ነው፣ ብዙው ውሃ ላይ ሲጣል ይሰምጣል። ግን ይለመጣል፣ ለምጦም ይመለሳል። በእሳት ተጎብጦ ሲበርድ ቅርጹን ለመቶና ለሁለት መቶ ዓመት ይይዛል። ድምፅም በውስጡ በፍጥነት ይሮጣል። ከአንድ ግንድ ግን ለደጋን የሚሆነው ትንሹ ክፍል ነው። ቋጠሮ ያለው፣ ሥሩ (በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደው መስመር) የተጣመመ፣ ስንጥቅ የነካው ሁሉ ይጣላል።

ደኑ ዛሬ ከነበረው ጥቂቱ ነው የቀረው። የዛፉ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ2007 ጀምሮ ሳይቴስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ስምምነት ሥር ነው። በ2022 ፓናማ ላይ በተደረገው ጉባኤ ብራዚል ቁጥጥሩ ከፍተኛ ደረጃ ላይ እንዲደርስ ጠይቃ ነበር። ከድርድር በኋላ ዛፉ ያለበት ሁለተኛ ዝርዝር ላይ ቆየ፣ ግን ከብራዚል ለሚወጡ የተጠናቀቁ ደጋኖችም ፈቃድ እንዲያስፈልግ ተወሰነ። ደጋን ሠሪዎችም ራሳቸው ተደራጅተው ብራዚል ውስጥ ችግኝ ማስተከል ከጀመሩ ቆይተዋል። ከልብ የምደግፈው ሥራ ነው። ችግኙ ለደጋን እስኪደርስ ግን የዛሬው ተካይ ያረጃል።

አንድ ደጋን እንዴት ይሠራል?

የሚጀምረው እንጨት በመምረጥ ነው። ሠሪው ጣውላውን ያያል፣ ይመዝናል፣ ያለምጠዋል፣ አንኳኩቶም ያዳምጠዋል። ሥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ሥሩ በጎን ከወጣ ዘንጉ አንድ ቀን እዚያው ላይ ይሰበራል።

ከዚያ በመጋዝ አራት ማዕዘን ዘንግ ይወጣል። በመላጊያ ስምንት ማዕዘን ይሆናል። አንዳንዱ በዚያው ይቀራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይከብባል። ብዙ ሰው ስምንት ማዕዘኑ ይሻላል ብሎ ያምናል። እኔ ልዩነቱ ከእንጨቱ ጥራት አይበልጥም ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ማጉበጥ ይመጣል። ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሠሪው ዘንጉን እሳት ላይ ያሞቃል። ሙቀቱ እስከ መሃሉ መግባት አለበት። ላዩ ብቻ ከሞቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ጉብጠቱ ይላላል። ከበዛ ደግሞ ያርራል። ትንሽ ያሞቃል፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ደግፎ ያጎብጣል፣ እስኪበርድ ይይዘዋል፣ ወደሚቀጥለው ቦታ ያልፋል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ ወደ ጫፍ እያየ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አለመሄዱን ያረጋግጣል። ጉብጠቱና ውፍረቱ አብረው ነው የሚሠሩት። አንዱን ሲነኩ ሌላው ይለወጣል። ስለዚህ ይልጋል፣ ያለምጣል፣ መልሶ ያሞቃል።

ራሱ በቢላና በሞረድ ይቀረጻል። የሠሪው ፊርማ ማለት ይህ ነው። ማኅተም ሊመሳሰል ይችላል። የደጋኑን ራስ ጎኖች የሚቆርጥ የቢላ አካሄድ ግን እንደ እጅ ጽሑፍ የየሰው ነው። ባለሙያ ደጋን ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ራሱን የሆነው ለዚህ ነው።

ፍሮጉ ብዙ ጊዜ ከዞጲ ይሠራል። አንዳንድ ጥንታዊ ደጋኖች ላይ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከባሕር ኤሊ ቅርፊት ተሠርቶ ይገኛል። የሚያብረቀርቅ ዛጎል ይገባበታል፣ ብር ወይም ወርቅ ይለብሳል። ሠሪዎች ወርቁን ለተሻለው እንጨታቸው ማስቀመጥ ልማዳቸው ነበር። በመጨረሻ ከ150 እስከ 200 የሚሆን የነጭ ፈረስ ጭራ ታስሮ ይገባል።

ከቱርት በኋላ ማንን ማወቅ አለብኝ?

ዝርዝሩ ረጅም ነው። እኔ አራት ስም እመርጣለሁ።

ዶሚኒክ ፔካት (1810–1874) የሚርኩር ፀጉር አስተካካይ ልጅ ነው። በ1826 ፓሪስ ቪዮም ሱቅ ገባ፣ በኋላ የራሱን ሱቅ ያዘ፣ በ1847 ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። የደጋኑ ራስ እንደ መጥረቢያ ሹል ጠርዝ አለው። ድምፁ ወፍራምና ጨለም ያለ ነው። ብዙ ሶሎ ተጫዋቾች ከቱርት እኩል ይፈልጉታል።

ዣን ባቲስት ቪዮም ራሱ ደጋን ሠሪ ከመሆኑ ይልቅ አሠሪ ነበር። ፐርስዋ፣ ፔካት፣ ሲሞንና ቯረን በእሱ ቤት ሠርተዋል። ስለዚህ የቪዮም ማኅተም ያለበት ደጋን ሲገኝ ዋናው ጥያቄ «የማን እጅ ነው?» የሚለው ነው። ቪዮም አዲስ ነገር ይወዳል። ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ደጋን ሠርቷል። ፍሮጉ ዓይን ውስጥ ጥቃቅን ሌንስ ያስገባበትም አለ። ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዞ ላየው የፎቶግራፍ ምስል ይታያል።

ፍራንሷ ኒኮላ ቯረን (1833–1885) ቀጭንና ስስ ሠራ። ራሱ ክብ ያለ ነው፣ ጉብጠቱም ወደ ራሱ ተጠግቷል። ፈጣንና ረቂቅ እጅ ያለው ሰው ይወደዋል። ዩጂን ሳርቶሪ (1871–1946) ወደ ጠንካራው መለሰው። የእሱ ደጋን በኦርኬስትራ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ታማኝ ነው። በእኔ ግምት የሚጫወትበት ሰው ከታላላቆቹ አንዱን ሲፈልግ ሳርቶሪን አስቀድሞ ቢሞክር ጥሩ ነው።

ቤት ውስጥ «ቱርት» የሚል የተመታበት አሮጌ ደጋን አግኝቻለሁ። ሀብታም ሆንኩ?

አይመስለኝም። ከላይ እንዳልኩት ቱርት ስሙን አልመታም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ግን ፋብሪካዎችና ትልልቅ ወርክሾፖች ይህን ስም ብዛት ባላቸው ደጋኖች ላይ መቱ። እንደ ሞዴል ስም ነበር የሚጠቀሙበት። የተመታው ስም ራሱ የሚናገረው የቱርት አለመሆኑን ነው። ቢሆንም አይጣል። ከእነሱም መሃል ጥሩ የሚጫወቱ አሉ። ለባለሙያ አሳዩት።

ዋጋው ስንት ነው?

ሳርቶሪ በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣል። ጥሩ ፔካት ከመቶ ሺህ ያልፋል። በ2017 ፈረንሳይ ቪሺ ከተማ ላይ አንድ የቱርት ደጋን በጨረታ ከግማሽ ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣ።

ዋጋን የሚወስነው የሠሪው ማንነት፣ የዘንጉ ጤንነት፣ ፍሮጉና ብሎኑ የራሱ መሆናቸው ነው። የራሱ ክፍል ተሰብሮ የተጠገነ ደጋን አብዛኛውን ዋጋውን ያጣል፣ ጥገናው የማይታይ ቢሆንም። እዚህ ላይ ገንዘቡ ውስን ለሆነ ተጫዋች ዕድል አለ። በደንብ የተጠገነ ጥንታዊ ደጋን ድምፁ ሊያምር ይችላል። ለመጫወት ከሆነ ይግዛ፣ እንደገና ሸጦ ለማትረፍ ከሆነ ይተወው። በሁለቱም በኩል ግን ከታወቀ ባለሙያ የተጻፈ የምስክር ወረቀት ሳይዙ ትልቅ ገንዘብ አትክፈሉ።

ከማሲንቆ ደጋን ጋር ይገናኛል?

አሠራሩ አንድ ነው። ሙጫ የተቀባ የፈረስ ጭራ ክሩን ይይዛል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል። በማሲንቆ ክሩ ራሱ የፈረስ ጭራ ስለሆነ ጭራ ከጭራ ጋር ነው የሚነጋገረው። የማሲንቆ ደጋን ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። የጥንት አውሮፓውያን ደጋኖችም እንደዚያ ነበሩ። ቱርት አቅጣጫውን የቀየረው ለሌላ ዓይነት ሙዚቃ ነው። ወደ ውጭ የጎበጠው ለራሱ ሙዚቃ ምንም አይጎድለውም።

ጥንታዊ ደጋን ይዤ ወደ ሌላ አገር መብረር እችላለሁ?

ይቻላል፣ ግን አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከዘንጉ ይልቅ ራሱ ላይ ያለችው ነጭ ሽፋን ናት። በጥንታዊ ደጋኖች ላይ የዝሆን ጥርስ ልትሆን ትችላለች። የባሕር ኤሊ ቅርፊት የሆነ ፍሮግም ቁጥጥር አለበት። በ2014 የቡዳፔስት ፌስቲቫል ኦርኬስትራ ኒው ዮርክ ሲገባ ሰባት ደጋኖች በጉምሩክ ተይዘውበት ነበር። ሙዚቀኞቹ በሌላ ደጋን ለመጫወት ተገደዱ።

ለተጓዥ ሙዚቀኞች የሚሰጥ የሙዚቃ መሣሪያ የምስክር ወረቀት አለ። ከምትኖሩበት አገር የሳይቴስ ቢሮ ጠይቁ። ደንቡ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ባለፈው ዓመት የበረረ ጓደኛ የነገራችሁ አይበቃም። አንዳንዶች የዝሆን ጥርሱን በአጥንት ወይም በሌላ ነገር ያስለውጣሉ። ብዙ የሚጓዝ ሰው ቢያደርገው አልፈርድበትም። ሥራው ግን የደጋን ባለሙያ እጅ ይፈልጋል።

ካርቦን ፋይበር አይሻልም?

ለተማሪ፣ ለዝናብና ለሜዳ ኮንሰርት በጣም ጥሩ ነው። በርካሽ ከተገዛ መጥፎ እንጨት ይበልጣል። ከጥሩ ፐርናምቡኮ ጋር ግን የድምፁ ቀለም አይወዳደርም። ሁለቱንም የሚይዙ ብዙ ናቸው።

እንዴት ልንከባከበው?

ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ብሎኑን አላሉት። ይህ ከሁሉም ይቀድማል። ተወጥሮ ያደረ ደጋን ጉብጠቱን ያጣል። የፈረስ ጭራ በደረቅ አየር ያጥራል፣ በእርጥብ አየር ይረዝማል። እርጥብ ከሆነ አገር አጥብቃችሁ ወደ ደረቅ አገር ብትወስዱት፣ ጭራው አጥሮ ራሱን ሊሰብረው ይችላል።

ጭራውን በእጅ አትንኩ፣ ቅባት ይይዛል። ዘንጉ ላይ የሚያርፈውን የሮዚን (ጭራው የሚቀባው ሙጫ) ዱቄት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። አልኮል አታስጠጉ፣ ቫርኒሹን ይበላል። ጭራው አንድ ጎን ብቻ እየተበጠሰ ከሆነ ሳትቆዩ አስቀይሩት፣ ዘንጉን ወደ ጎን ይስበዋል። ደጋኑን አትጣሉ፣ በተለይ በራሱ በኩል እንዳይወድቅ። ወለል ላይ አንድ ጊዜ መውደቅ ይበቃዋል።

ዛሬስ እንዲህ የሚሠራ አለ?

አለ። ሙያው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳይ ውስጥ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በ1971 በርናር ኡሻር ሚርኩር ላይ የደጋን ሥራ ማስተማር ጀመረ። ከእሱ የተማሩት ዛሬ ከዓለም ታላላቅ ሠሪዎች መካከል ናቸው። ከነሱ አንዱ ቤኖዋ ሮላን በ2012 አሜሪካ ውስጥ የማክአርተር ሽልማት አግኝቷል። የሕያው ሠሪ ደጋን ዋጋው ከጥንታዊው በጣም ያነሰ ነው። ሠሪው ጋ ሄዶ «እንዲህ አድርግልኝ» ማለትም ይቻላል፣ ቪዮቲ ያደርግ እንደነበረው።

ጥንታዊዎቹን የት ማየት እችላለሁ?

ፓሪስ ፊላርሞኒ ውስጥ ባለው የሙዚቃ ሙዚየም። ሚርኩርም የቫዮሊንና የደጋን ሥራ ሙዚየም አላት። ለመሞከር ግን ትልልቅ የጨረታ ቤቶች የተሻሉ ናቸው። ከጨረታው በፊት ባሉት የእይታ ቀናት ደጋኖቹን በእጅ ይዞ መጫወት ይፈቀዳል። የራሳችሁን ቫዮሊን ይዛችሁ ሂዱ።